ሱቃችሁ ጎግል ላይ እንዲገኝ፦ ከአንድ የሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ የተወሰደ አሠራር

ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ልብስ ከሚሸጡ ሱቆች አንዱ ዌብሳይት ካሠራ ስምንት ወር ሞልቶት ነበር። በእነዚያ ስምንት ወራት በዌብሳይቱ በኩል መጥቶ የገዛ አንድም ሰው የለም። የሱቁ ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው እናት፣ ስልካቸውን አውጥተው የሱቃቸውን ስም ጎግል ላይ ጻፉ። የፌስቡክ ገጻቸው መጣ፤ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ መጣ፤ ዌብሳይቱ ግን የለም። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ብር ከፍዬ ያሠራሁት ነገር የት ገባ?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል ከእሳቸውና ከሱቁ ልጆች ጋር የሠራነውን ነው በቅደም ተከተል የምጽፍላችሁ። እናንተ የምትሸጡት ጫማ ይሁን ሶፋ፣ የምትሰጡት የጥርስ ሕክምና ይሁን አስጎብኚነት፣ አካሄዱ ያው ነው። አብዛኛውን ራሳችሁ በስልክና በአንድ ላፕቶፕ ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ባለሙያ የሚያስፈልግበትን ቦታ እየጠቆምኩ እሄዳለሁ።

1. ጎግል እንደሚያውቃችሁ አረጋግጡ

ጎግል መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «site» ብላችሁ ጻፉ፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (:) አድርጉ፣ ከዚያ ክፍተት ሳትተዉ የዌብሳይታችሁን አድራሻ ጨምሩበት። የሚመጣው ዝርዝር ጎግል ከእናንተ ዌብሳይት የሚያውቃቸው ገጾች ናቸው። ሃያ ገጽ አላችሁ ብትሉና የሚታየው ሦስት ከሆነ ችግሩን ግማሽ አገኛችሁት ማለት ነው። ምንም ካልመጣ ደግሞ፣ እንደ እትዬ፣ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።

የእሳቸው ዌብሳይት የተሠራው ዎርድፕረስ በተባለው የዌብሳይት መሥሪያ ነው። ዎርድፕረስ ውስጥ «ሴቲንግስ» ሲከፈት «ሪዲንግ» የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ ታች ላይ የፍለጋ ሞተሮች ይህን ዌብሳይት እንዳይመዘግቡ የሚጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ሠሪው ሥራውን ሳይጨርስ ሰው እንዳያየው ብሎ ምልክት አድርጎባታል፤ ሲያስረክብ ማንሳቱን ረስቷል። ስምንት ወር ሙሉ ዌብሳይቱ ራሱ ጎግልን «አትግባ» ሲለው ነበር። ምልክቱን አነሳነው፣ ለውጡን አስቀመጥነው፣ አለቀ። እትዬ ምን እንደተደረገ ሲገባቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔም የሚያጽናና ቃል አጣሁ፤ ያ ሁሉ ጊዜ የጥርን የሰርግ ወቅትም ይጨምር ነበርና።

ዌብሳይት አሠርታችሁ የምትረከቡ ሁሉ፣ ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት ይቺን ሳጥን በዓይናችሁ እዩ። የዶሜኑ፣ ማለትም የዌብሳይቱ አድራሻ፣ ምዝገባ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ፤ በእናንተ ስምና ኢሜይል ካልሆነ ይዛወርላችሁ። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃልም በእጃችሁ ያዙ።

2. ጎግል ሰርች ኮንሶልን ክፈቱ

ይህ ከጎግል በነጻ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በጂሜይል አድራሻችሁ ገብታችሁ ዌብሳይቱን ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ባለቤትነታችሁን ታረጋግጣላችሁ። ማረጋገጫው ዶሜኑ በተመዘገበበት ቦታ አንዲት መስመር ጽሑፍ መለጠፍ ነው። ዌብሳይቱን የሠራውን ሰው ጠይቁት፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ የምታደርጉት «ሳይትማፕ» የሚባለውን የገጾቻችሁን ዝርዝር መላክ ነው። ዎርድፕረስ ይህን ዝርዝር ራሱ ያዘጋጃል፤ እናንተ አድራሻውን ብቻ ትሰጣላችሁ። ቀጥሎ ዋና ዋና ገጾቻችሁን አንድ በአንድ ከላይ ባለው መፈለጊያ አስገብታችሁ እንዲመዘገቡ ትጠይቃላችሁ። የእትዬ መነሻ ገጽ በአራተኛው ቀን ታየ፤ ሌሎቹ ሳምንታት ወሰዱ። ይህ መሣሪያ ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እናንተ እንደታያችሁም የ16 ወር መረጃ ያስቀምጣል። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

3. ደንበኛ የሚለውን ቃል ሰብስቡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ቴክኒክ ነው፤ ይህ ግን ንግዱ ራሱ ነው።

የእትዬ መነሻ ገጽ ላይ «ጥራታቸውን የጠበቁ የባህል አልባሳት አቅራቢ ድርጅት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሰርጓ የደረሰ ልጅ ስልኳን አንስታ «የባህል አልባሳት አቅራቢ ድርጅት» ብላ ትፈልጋለች? ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሒሳብ ከሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አኖርን። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በስልክ የደወለ፣ በቴሌግራም የጻፈ፣ በር ላይ ቆሞ የጠየቀ ሰው ያለውን ቃል ልጆቹ ሳያስተካክሉ እንዳለ ጻፉ። ደብተሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሞላ፦ «ለመልስ የሚሆን ካባ አላችሁ?»፣ «ለሚዜ ስድስት አንድ ዓይነት ይደርሳል?»፣ «ለክርስትና የእናትና የልጅ»፣ «የወንድ ሙሉ ከነጋቢው ስንት ነው?»፣ «ጥልፉ የእጅ ነው የማሽን?»፣ «አሜሪካ ትልካላችሁ?»

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ቃል ዌብሳይቱ ላይ አልነበረም። መልስ የለም፣ ሚዜ የለም፣ ክርስትና የለም፣ ጋቢ የለም። ጎግል ደግሞ የሌለ ቃል ፈልጎ አያመጣም።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚገጥመው ሌላ ጉዳይ አለ፤ የፊደላችን ጉዳይ። አንዱ «ሀበሻ» ይላል፣ ሌላው «ሐበሻ»፣ ሌላው «አበሻ» ብሎ ይጽፋል። «ሰርግ» እና «ሠርግ»፣ «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ፀጉር» እና «ጸጉር» እንዲሁ። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ጎግልም ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ያያቸዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ሁለቱንም አጻጻፍ ራሳችሁ ፈልጋችሁ የሚመጣውን ውጤት አወዳድሩ። እኔ የማደርገው ብዙ ሰው የሚጽፈውን ለርዕስ መርጬ፣ ሁለተኛውን በጽሑፉ መሐል ወይም በፎቶ መግለጫ አንድ ቦታ ላይ ማስገባት ነው። አጻጻፎቹን ሁሉ ገጹ ግርጌ ላይ ደርድሮ መደበቅ ግን አትሞክሩ፤ ጎግል ይህን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል።

ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል እንደሚጽፍም አትርሱ፤ በተለይ ውጭ ያደጉ ልጆች። ለእነሱ መፍትሔው የእንግሊዝኛ ገጽ ነው። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ለንደን ያለች የእትዬ ደንበኛ «የሀበሻ ቀሚስ» የምትለው በላቲን ፊደል ነው፤ ጥያቄዋን የምትጨርሰው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ገጽ የራሱ አድራሻ ኖሮት፣ የልብሶቹን የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ይዞ፣ ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ይሁን። የገጹን ቋንቋ ለጎግል የሚናገረውን ኮድ ሠሪያችሁ በሁለቱም ገጾች ላይ ያስገባላችሁ።

ትርጉሙን ለማሽን አትተዉት። «ጥበብ» በዚህ ሙያ ከሸማኔው እጅ የሚወጣው የቀሚሱ ጌጥ ነው፤ ማሽኑ ግን የንጉሥ ሰለሞንን ጥበብ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። «የመልስ ቀሚስ» ደግሞ ለጥያቄ የሚሰጥ መልስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እንግሊዝኛ የሚችል የወንድም ወይም የእህት ልጅ አስቀምጣችሁ አብራችሁ ጻፉት።

4. ለእያንዳንዱ ፍላጎት አንድ ገጽ

እንደ አብዛኛው የአገራችን ሱቅ የእትዬም ዌብሳይት «ምርቶቻችን» የሚል አንድ ገጽ ነበረው፤ እዚያ ላይ ስልሳ የሚደርሱ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ቃል የለም። ይህን በታተነው። የመልስ ልብስ የራሱ ገጽ አገኘ፤ የሚዜ፣ የክርስትና፣ የወንድ ሙሉ ልብስ፣ ነጠላና ጋቢም እንደዚሁ። ደብተሩ ላይ ደጋግሞ የመጣ ጥያቄ ሁሉ ገጽ ይገባዋል።

የገጹ ርዕስ፣ ማለትም ጎግል ላይ በሰማያዊ የሚታየው መስመር፣ ትልቅ ዋጋ አለው። ብዙ ዌብሳይቶች ላይ «መነሻ ገጽ» ወይም «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤ ቦታ ማባከን ነው። የእኛ እንዲህ ሆነ፦ «የመልስ ካባና ቀሚስ በትእዛዝ፣ ሽሮ ሜዳ አዲስ አበባ»። ጎግል ረጅም ርዕስ ስለሚቆርጥና የእኛ ፊደል ደግሞ ሰፋ ስለሚል ዋናውን ቃል መጀመሪያ ላይ አድርጉት። ከርዕሱ ሥር ለሚመጣው አጭር መግለጫ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ምን እንደምትሸጡ፣ በስንት ቀን እንደምታደርሱ።

ከዚያ ጽሑፉ ነው። ለአንዱ ልብስ የጻፍነው ይኸውና፦

«ቀሚሱ በመነን የተሠራ ነው። ጥበቡ ከደረት ተነስቶ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በነጠላው ጥለት ላይም ያው ቀለም ይደገማል። ካባው ከፋይ ሆኖ በወርቅማ ክር የተጠለፈ ነው፤ ጥልፉ የማሽን ነው፣ በእጅ እንዲጠለፍ ከፈለጉ ተጨማሪ ጊዜ እንጠይቃለን። ልክዎን በቪዲዮ እያሳየን እንለካለን። ከትእዛዝ እስከ ርክክብ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።»

ይህን እትዬ ሲናገሩ እኔ ጻፍኩ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። እናንተም ስለ ዕቃችሁ ለደንበኛ የምትናገሩትን ስልካችሁ ላይ ቅዱትና ጻፉት። ከሌላ ሱቅ ገጽ ገልብጣችሁ አታምጡ። ጎግል ተመሳሳይ ገጾች ሲያገኝ አንዱን መርጦ ነው የሚያሳየው፤ የሚመረጠው የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ስለ ዋጋ አቋሜ ግልጽ ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ዌብሳይትን ይገድላል። ጥሬ ዕቃው በየጊዜው ስለሚጨምር ትክክለኛውን መጻፍ አንችልም ለምትሉ፣ «ከዚህ እስከዚህ» ብላችሁ ዋጋው የወጣበትን ወር ጻፉ። ዋጋ ፈልጎ የገባ ሰው ካላገኘ ሳይጠይቅ ይወጣል።

5. ፎቶውን አናግሩት

ጎግል ቀሚስን በፎቶ ያውቃል፤ የመልስ ይሁን የክርስትና ግን ካልነገራችሁት አያውቅም። ፎቶውን ከመጫናችሁ በፊት ስልኩ የሰጠውን የቁጥር ስም አጥፉና ልብሱን በሚገልጽ ስም ቀይሩት። ሲጫን ደግሞ «ኦልት ቴክስት» በሚለው ቦታ አንድ መስመር ጻፉ፦ «ነጭ የመልስ ቀሚስ ከቀይ ከፋይ ካባ ጋር» ይበቃል። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ስልካቸው የሚያነብላቸውም ይህንኑ ነው።

ስልክ ያነሳው አንድ ፎቶ 5 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል ዝቅ አድርጋችሁ «ዌብፒ» በሚባለው ዓይነት ብታስቀምጡት ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፤ ጥበቡም ጥርት ብሎ ይታያል። «ስኩሽ» (Squoosh) የተባለው የጎግል ነጻ መሣሪያ ይህን በብራውዘር ውስጥ ይሠራላችኋል።

ጽሑፍን ፎቶ አድርጎ መለጠፍ ግን ይቅር። የዋጋ ዝርዝር፣ አድራሻ፣ የበዓል ማስታወቂያ በዲዛይነር ተሠርቶ እንደ ፎቶ ይሰቀላል፤ ያምራል፣ ፍለጋ ላይ ግን እንደሌለ ነው። ለማወቅ ጽሑፉን በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙት፤ ቃሉ ካልተመረጠ ፎቶ ነው። የቆየ ዌብሳይት ላይ ደግሞ ሌላ ሙከራ አድርጉ፦ አንድ የአማርኛ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ከመጣ ጽሑፉ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ፊደላችን በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈውን ግን ጎግል አማርኛ ብሎ አያነበውም። በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መጻፍ ነው።

6. በስልክና በደካማ ኔትወርክ ሞክሩት

ጎግል ዛሬ ገጾችን የሚመዘግበው በስልክ እንደሚታዩት ሆነው ነው። «ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ» በተባለው የጎግል የፍጥነት መለኪያ ላይ አድራሻችሁን አስገቡ፤ የገጹ ትልቁ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት። የእትዬ መነሻ ገጽ ላይ አምስት ፎቶዎች እየተንሸራተቱ ይቀያየሩ ነበር፤ አራቱን አውጥተን አንዱን ተውን። ስልክ ቁጥሩም ሲነካ የሚደውል ይሁን።

7. ካርታው ላይ ተገኙ

ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነጻ ነው፤ በአካል መጥቶ ለሚገዛ ደንበኛ ደግሞ ከዌብሳይቱ እኩል ይሠራል። ሱቁን ትመዘግባላችሁ፣ ከዚያ ጎግል ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ነው። መንገዱን፣ የሱቁን ታፔላ፣ በሩን በቁልፍ ስትከፍቱና ውስጡን ሳታቋርጡ ቀርጻችሁ ትልካላችሁ። ስማችሁን ታፔላው ላይ እንዳለ ጻፉ፤ «ምርጥ»፣ «ርካሽ» እያላችሁ አትጨምሩበት፣ ገጹ ሊታገድባችሁ ይችላል።

የመንገድ ስምና ቁጥር ይዞ ሱቅ የሚፈልግ ሰው በእኛ ከተማ የለም። ክፍለ ከተማና ወረዳውን ከጻፋችሁ በኋላ ምልክቱን በጣታችሁ ወስዳችሁ በሩ ላይ አኑሩት፤ በመግለጫው ውስጥም ሰው የሚያውቀውን ጻፉ፦ ከየትኛው ታክሲ ማቆሚያ ወርዶ፣ በየት በኩል፣ ስንተኛ ፎቅ። ካርታው የሚሰጠውን «ፕላስ ኮድ» የተባለ አጭር ኮድ ለመላኪያ ሠራተኛ መስጠት ትችላላችሁ።

አሁን ብዙ ሱቅ ላይ ያየሁት ስሕተት። የሥራ ሰዓት ሲሞሉ «ከ2 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት» ብለው በእኛ ሰዓት ያስገባሉ። ጎግል የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ስለዚህ ሱቁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ለሚፈልግ ደንበኛ «ዝግ ነው» ይለዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ማለት 8 ኤኤም፣ ማታ 12 ሰዓት ማለት 6 ፒኤም ነው። ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩት። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለመሳሰሉት የምትዘጉበትንም ቀን አስቀድማችሁ ሙሉ።

ልብሱን ለብሳ የተደሰተች ደንበኛ አስተያየት እንድትጽፍ ሊንኩን ላኩላት። ዘመድ ሰብስቦ ማስጻፍ ግን የጎግልን ደንብ ይጥሳል፤ አስተያየቶቹ ሊነሱ፣ ገጹም ሊታገድ ይችላል።

8. ሌሎች ወደ እናንተ እንዲጠቁሙ

ሌላ ዌብሳይት ወደ እናንተ ሊንክ ሲያደርግ ጎግል እንደ ምስክር ይቆጥረዋል። እትዬ የሚያውቋቸው የሰርግ ፎቶ አንሺዎች፣ የዲኮር ሠራተኞችና የአዳራሽ ባለቤቶች ብዙ ናቸው። ዌብሳይት ያላቸውን ለይተን፣ የእትዬን ልብስ የለበሱ ሙሽሮች ፎቶ ሥር «ልብስ፦ ከዚህ ሱቅ» ብለው ሊንክ እንዲያስገቡ ጠየቅን፤ እኛም የፎቶ አንሺውን ስምና ሊንክ አስገባን። ሊንክ በገንዘብ የሚሸጥላችሁን ሰው ግን አትስሙት።

ቴሌግራምን በተመለከተ፣ ቻናላችሁን አትዝጉ፣ አታቀዝቅዙም፤ ደንበኛው ያለው እዚያ ነው። ግን ትናንት የለጠፋችሁት ዛሬ ከአዲሱ ሥር ይገባል፤ ገጽ ደግሞ ቦታው ላይ ይቆያል። ስለዚህ የመልስ ቀሚስ ስትለጥፉ የመልስ ቀሚሱን ገጽ ሊንክ አብራችሁ ለጥፉ፤ ሰውን መነሻ ገጽ ላይ ጥላችሁ ራሱ እንዲፈልግ አታድርጉት።

9. ከወቅቱ ቅደሙ

ሰርግ በጥር ይበዛል፣ ከፋሲካ በኋላም ይመለሳል። ለጥር የሚሆን ገጽ በታኅሣሥ ቢወጣ ዘግይቷል፤ ጎግል እስኪያውቀው ጊዜ ይወስዳል፣ ልብሱም ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ የመላኪያ ቀን ይጨምርበታል። እኛ መስከረም መጨረሻ ላይ አወጣነው። በየዓመቱ አዲስ ገጽ አትክፈቱ፤ ያንኑ አድራሻ ይዛችሁ ፎቶና ዋጋውን ብቻ አድሱ። ውጭ ላሉት «በፖስታ ነው ወይስ በሰው እጅ? ባይሆነኝስ?» የሚሉ ጥያቄዎችን እዚያው ገጽ ላይ መልሱላቸው።

10. በወር አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩ

«በአንድ ሳምንት አንደኛ አደርጋችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን ያዙ። አንደኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጎግል ራሱ ጽፏል። ለውጥ በሳምንታትና በወራት ነው የሚታየው።

ሰርች ኮንሶል ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፈቱ። ሰዎች የጻፏቸው ቃላት፣ ስንቴ እንደታያችሁ፣ ስንቴ እንደተነካችሁና ስንተኛ እንደሆናችሁ ተዘርዝሯል። ብዙ ታይቶ ያልተነካ ገጽ ካለ ርዕሱንና መግለጫውን ቀይሩ። ጨርሶ የማይታይ ገጽ ካለ ቃሉን ስታችሁት ይሆናል። ገጽ ሳትሠሩለት የታያችሁበት ቃል ካለ ደግሞ ገጽ ሥሩለት።

በሦስተኛው ወር ዝርዝሩን ከእትዬ ጋር ስናይ ማናችንም ያላሰብነው ቃል ነበረበት፦ «የእናትና ሴት ልጅ ተመሳሳይ ቀሚስ»። ደብተሩን መልሰን ገለጥን፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ለክርስትና የጠየቀች አንዲት እናት ብላው ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንብበው፣ ልጆቹን ጠርተው ከመደርደሪያው ሁለት ቀሚስ አስወረዱና «እነዚህን አንሱልኝ፣ ጽሑፉን እኔ እናገራለሁ» አሉ።